የሚካኤል ዕለት የተቃጠለው ክምር

ስለዚህ ነገር ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል። ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «አሁን ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ይበሉ። አንዲት ሴት ባልሠራችው ሥራ «አቃጣይ» ተብላ እሳትና ውሃ ልትከለከል ስትል አይቶ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው ካለ፣ እሱ ጨዋ አይደለም፤ በድን ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የሠርግ ቀሚስ እሰፋለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሽፋናቸው የተገነጠለ የወንጀል ምርመራ መጻሕፍት አነባለሁ፤ በፈረስ ጋሪና በጋዝ መብራት ዘመን፣ ጭጋግ በማይለያት የለንደን ከተማ፣ ነፍሰ ገዳይ ስለሚያድኑ ሰዎች የሚተርኩ። በነዚያ ታሪኮች ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። አንዱ ያስባል፣ ሌላው ይደነቃል። ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ ይከባበራሉ፣ ሲጨርሱም እሳት ዳር ቁጭ ብለው ይሣሣቃሉ። እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ስመረምር ጓደኛዬ የቀድሞ ባሌ እናት ነበሩ። ባርኔጣ አልነበረንም፤ መከባበሩም ቢሆን እንደነገሩ ነበር።

ከልጃቸው ጋር ከተፋታሁ ወዲህ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። «ምላሷ አያርፍም፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ቤት አታቀናም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ እንድሰማም ብለው ነው የተናገሩት። እኔም በትዳር ሳለሁ «እናቴ» እላቸው የነበሩትን ሴትዮ፣ ከፍቺው በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደማንኛዋም አሮጊት «እማማ» ማለት ጀመርሁ። ልዩነቱን ያውቁታል። አንድ የገበያ ቀን ግን በሱቄ በር ገብተው፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

«ውሃ ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ጠጥተው ኩባያውን መለሱልኝና «ልጄን ክምር አቃጠለች አሏት» አሉ።

ያላቸው ሴት ልጅ አንዲት ናት፤ የቀድሞ ባሌ ታናሽ እህት። ሳዑዲ ዐረብ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔና እሷ ከፍቺው በኋላም አልተለያየንም፤ እዚያ ሳለች ሲከፋት የምትደውለው ለእኔ ነበር።

መንደራቸው ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ ከዋናው ገንጠል ብሎ በእግር የሚደረስበት ነው። የተቃጠለው የገብስ ክምር ደግሞ የመንደሩ ትልቅ ሰው ንብረት ነው። እኚህ ሰው የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ጽዋ አይነሣም፣ እርቅ አይወርድም። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሕዝቡ ቀድሶ፣ ማኅበርተኛው እዚያው ደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ጠላ እየጠጣ ሳለ፣ ከአውድማው በኩል ጭስ ታየ። ሮጠው ሲደርሱ የዓመት ቀለባቸው ዐመድ ሆኗል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አውጫጭኝ ይጠራል። መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቀመጡና ሰዉን አንድ በአንድ እየጠሩ ያየውንና የሰማውን ይጠይቁታል። አየሁ የሚል ሰው በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ያ ሰው ወፍ ይባላል። ቃሉ ለሕዝቡ ይነበባል እንጂ ማንነቱ አይነገርም። ወፉን የገለጠ ሰው ከመንደሩ ይለያል፤ እሳት አይጭርም፣ ውሃ አይቀዳም፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም። ድሮ ደካማው ጉልበተኛውን ሳይፈራ እንዲመሰክር ተብሎ የተበጀ ሥርዐት ነው ይላሉ። መልካም። ለደካማው በተሠራው ከለላ ውስጥ ጉልበተኛው ገብቶ ሲሸሸግበትስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን አላየሁም።

በዚህኛው አውጫጭኝ ወፉ የተናገረው ቃል ይህ ነበር፤ «ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ልጅቱ ከዐረብ አገር ያመጣችውን ጥቁር ዐባያ ለብሳ ወደ አውድማው ስትወርድ በዐይኔ አየኋት።»

ሽማግሌዎቹ ልጅቱን አቁመው «በቅዳሴው ሰዓት የት ነበርሽ?» አሏት። «ቤት ነበርሁ።» «ለምን ቀረሽ?» «አሞኝ።» «ምን አሞሽ?» ሴት ልጅ ቤተ ክርስቲያን የማትገባባቸው ቀናት እንዳሉ የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ ሁሉም ባለትዳር ነው፣ ሁሉም ሴት ልጅ አሳድጓል። ግን እሷ በወንዶች ፊት አፍ አውጥታ አትናገረው፣ እነሱም አልገባንም ብለው ተቀመጡ፤ ስለ ዐባያው የጠየቃት እንኳ የለም። በዚያ ላይ ሙሴው ለታናሽ ልጃቸው ሽማግሌ ልከው «አይሆንም» ብላቸዋለች። ነገሩ አለቀ። ወይ በሚመጣው እሑድ ድንጋይ ተሸክማ «አቃጥያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ትላለች፣ ወይ እሳትና ውሃ ትከለከላለች።

የቀድሞ አማቴ ይህን ሁሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ ነገሩኝ። ከዚያ «አንቺ ክርክር ታውቂያለሽ። ነይ ተከራከሪልኝ» አሉ።

«ምላሷ ቤት አያቀናም ይሉ አልነበር?» አልኋቸው።

«ቤት አቅኚ አላልሁሽም። ተከራከሪ ነው ያልሁሽ።»

እንዲህ ያሉ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ፤ ለልመና መጥተው እንኳ አንገታቸውን አይሰብሩም። ለነገሩ በውስጤ ወደድኋቸው። ስለ ዐባያው የሰማሁት ነገር ግን እንደ መርፌ ወግቶኝ ነበርና ተነሣሁ፤ ሱቁን ከመኝታ ክፍሌ የሚለየውን ጥቁር መጋረጃ ይዤ ወደ ብርሃን ሳብሁት። ጫፉ ላይ ከፊሉ የረገፈ የሚያብለጨልጭ ጌጥ አለው።

«ዐባያው ይኸውልዎት» አልሁ። «ጥቅምት ላይ እዚህ ይዛው መጥታ ‘ከእንግዲህ አልለብሰውም፣ የሆነ ነገር ሥሪበት’ ብላ ሰጠችኝ። ቀድጄ መጋረጃ ሰፋሁት። የኅዳር ሚካኤል ዕለት እዚህ ተሰቅሎ ነበር። ወፍዎ ውሸታም ነው!»

ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳበሱት። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ዐመድ መሰለ፤ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ድካም ነው ብዬ ተጨማሪ ውሃ ሰጠኋቸው።

«ፖሊስ ጋ እንሂድ» አልሁ።

«ፖሊስ ነገ ይሄዳል። እኛ ግን እዚያው ነን የምንኖረው» አሉ። «ተነሽ።»

ሱቄን ዘጋሁ። እስከ መገንጠያው በአይሱዙ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሙሉ እኔ ማንን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ስዘረዝር፣ እሳቸው ከፊት ከፊቴ እየሄዱ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። መንደሩ መግቢያ ላይ ስንደርስ ብቻ ዘወር ብለው «አንቺ ስትጠይቂ ሰው ይፈራል» አሉ። እኔም «እርስዎ ሳይጠይቁ እሑድ ይደርሳል» አልኋቸው።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። እኔ በየቤቱ እየገባሁ ማን ምን እንዳየ ስጠይቅ፣ ትናንት በገበያ አቅፈው ይስሙኝ የነበሩ ሴቶች «እኛ ምን እናውቃለን» እያሉ ዐይናቸውን ከእኔ ያሸሹ ጀመር። እሳቸው ደግሞ የሰው አጥር ጥግ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። በኽምጣኛ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍየል፣ ስለ እገሊት ልጅ መውለድ ያወራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ይላሉ። ሰው ዝምታ ሲበዛበት የማያወራው ነገር የለም። እኔ ከሰቆጣ ነኝና ኽምጣኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። አጠገባቸው ተቀምጬ ምላሴን ነክሼ የዋልሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሊያፈነዳኝ ነበር።

ማታ ላይ ግን ያገኙት ነገር ነበር። ሙሴው የሚካኤል ዕለት ማኅበሩን አስጀምረው፣ ጽዋው ሳይዞር ተነሥተው ሄደዋል። እሳቱ ሲነሣ አልነበሩም። ሰዎች ቤታቸው ሲሄዱ ጋቢ ተከናንበው ተኝተው አገኟቸው፤ «ምች መታኝ» አሉ። ዳማ ከሴ ታሽቶላቸው ጠጡ። አውጫጭኙ ላይም ፊታቸውን በጋቢ እንደሸፈኑ ነበር የተቀመጡት።

እዚህ ላይ ነበር ደሜ የፈላው። እሷ «አሞኛል» ስትል «ምን አሞሽ?» ተብላ በሕዝብ ፊት ትመረመራለች። እሳቸው «ምች መታኝ» ሲሉ መንደሩ በሙሉ እግዜር ይማርዎት ብሎ ቅጠል ያሻል። ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ጥፋት ከሆነ፣ ከማኅበር ጽዋ ላይ ተነሥቶ መሄድስ ምንድን ነው? ይህን ለአማቴ ስጮህባቸው እንዝርታቸውን እየጠቀለሉ «ነገ እንጠይቀዋለን፤ የታመመ ሰው ይጠየቃል» አሉ።

በማግስቱ ሁለታችን ሕመምተኛ ጠያቂ ሆነን ሄድን። ሙሴው ጓዳ ተኝተው ነበር። የትልቁ ልጃቸው ሚስት ተቀበለችን። ደግ ልጅ ናት፤ የአቃጣይ እናት ቤቷ በመምጣቷ የምትገባበት ጠፍቷት፣ እፍረቷን በመስተንግዶ ልትሸፍን ሽር ጉድ አለች። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ይህች ልጅ ሁለቱንም ሰጠችን። ትኩስ ዳቦ ቆርሳ፣ ሰፈፉ ያልተለየ ነጭ ማር በሳህን አቀረበች። የዋግ ማር ነው፤ እኔ ደግሞ ማር ላይ ትዕግሥት የለኝም። ጎረስሁ። አማቴ በጣታቸው ጫፍ ቀመስ አደረጉና ተዉት።

ያኔ ሙሴው ከጓዳ ወጡ። ጋቢው ከፊታቸው ተንሸራቶ ነበር። የግራ ዐይናቸው ሊከደን ምንም አልቀረው፤ ከንፈራቸውና ጆሯቸው ቀልቷል፣ አብጧል። እኛን አይተው «እንደምን ዋላችሁ» ሊሉ ሲሉ ሳህኑን አዩት።

«ይሄን ማን አወጣው?» አሏት ምራታቸውን።

«እንግዳ መጣ ብዬ ነው አባባ፤ ከአልጋው ሥር አግኝቼ...»

«ማሩስ ይጣፍጣል፣ ጭስ ጭስ ቢልም» አልሁ እኔ፣ አፌ ሙሉ ሆኖ። እንደ ምስጋና ነበር የተናገርሁት። ሙሴው ግን እንደ ስድብ ተቀበሉት፤ ወደ ጓዳቸው ተመለሱ።

ከአጥሩ እንደወጣን አማቴ «ቀፎ የለውም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ ቆምሁ። በዚያ መንደር ማን ቀፎ እንዳለው ማን እንደሌለው እሳቸው እንደ ጸሎት ያውቁታል። ከአውድማው ጀርባ ግን አለት አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ ንብ ይገባል። የማንም መሬት ስላልሆነ ከጥንት ጀምሮ ለሚካኤል የተሰጠ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ካህናቱ ይቆርጡታል፤ ሌላ እጅ አይነካውም። ከእሳቱ በኋላ ንቡ በጭሱ ተሰደደ ብለው ሁሉም ትተውታል።

ወደ አውድማው ሮጥሁ ማለት እችላለሁ። አማቴ ከሥር ቆመው «ቀሚስሽን ሰብስቢ!» እያሉ፣ አለቱን ወጣሁት፤ ቀሚሴ ግን ተቀደደ። ስንጥቁ ከክምሩ ዐመድ በላይ በቀጥታ ነው ያለው። ውስጡ የሞቱ ንቦች አሉ። የማሩ እንጀራ በቢላ ተቆርጧል፤ ሰሙ በድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከሥሩ ደግሞ በኩበት ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ፣ ግማሹ ነድዶ ግማሹ ቀርቶ፣ በድንጋይ መካከል ተሰክቷል። ንብ ማጠኛ ነው። የነደደው ግማሽ የት እንደወደቀ ለመገመት መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

ወርጄ ስነግራቸው አማቴ የቀረውን ሞሉት። ማር የሚቆርጥ ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚሄደው፤ በጠራራ ፀሐይ ንብ ሰው ይበላል። ሰውየው ግን ንብ አርብቶ አያውቅም። የመረጠው ሰዓት መንደሩ ባዶ የሆነበትን ነው። ንቡ ፊቱ ላይ ሲሰፍርበት ማጠኛውን ጥሎ፣ ማሩን ይዞ ሮጠ። ፍሙ የገዛ ክምሩ ላይ ወደቀ።

እስቲ አስቡት። የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ በሚካኤል ዕለት፣ የሚካኤልን ማር ሰርቆ፣ ክምሩን በገዛ እጁ አቃጠለ። ይህን አምኖ አፍሮ መቀመጥ ሲችል፣ አውጫጭኝ ሲጠራ ዝም አለ፤ ልጅቱ ስትቆም ዝም አለ፤ ድንጋይ ተሸከሚ ስትባል ጋቢውን ተከናንቦ ዝም አለ። እንዳያችሁት «አንቱ» ማለቴን ትቻለሁ። አንቱታ የሚሰጠው ለሽበት ብቻ አይደለም።

ወዲያው ሄጄ ደጁ ላይ ልጮህበት ፈልጌ ነበር። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ሁሉም ባለበት ይካድ» አሉ። «እሑድ።»

«ወፉስ? ያ ውሸታም ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን።»

ያን ጊዜ ከአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ከዐረብ አገር ስትመጣ ሻንጣዋን ቤት ውስጥ ከፈተችው» አሉ። «ዐባያውን ሳይ ‘ጥቁር ነው፣ ሐዘን ይመስላል፣ ክተቺው’ አልኋት። ከተተችው። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ፀሐይ አላየም። እስከ ጥቅምት ሻንጣው ውስጥ ነበር፣ ከዚያ እኛ ሳናውቅ ላንቺ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት ሦስት ነበርን። እኔ፣ እሷ፣ እሱ።»

«እሱ» ማለት ልጃቸው ነው። የእኔ የቀድሞ ባል። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ የእህቱን የእርሻ ድርሻ የሚያርሰው እሱ ነው። ተመልሳ «መሬቴን ስጠኝ» ብላዋለች። እሳትና ውሃ የተከለከለች ሴት ደግሞ እርሻ አትጠይቅም፤ ወይ ከተማ ትሰደዳለች፣ ወይ ወደ ዐረብ አገሯ ትመለሳለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የእኔው ጅቡን በስሙ ጠርቶ አመጣው!

አማቴ ይህን ያወቁት ሱቄ ውስጥ፣ መጋረጃውን በዳበሱባት ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ መንገድ ከፊቴ ሲሄዱ፣ ያን ሁሉ እንዝርት ሲያሾሩ፣ ይህን በሆዳቸው ይዘው ነበር። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን ግትርነት ነው ብዬ ስነጫነጭባቸው ከረምሁ።

«እኔ እናገራለሁ» አልሁ። «በሕዝብ ፊት ስሙን እጠራለሁ!»

«አንቺ አትናገሪም። አንቺ ስትናገሪ የፍቺ ቂም ነው ይሉታል። ይህ ደግሞ ያንቺ እዳ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ሊናገር ነው? የተናገረ እኮ ይለያል።»

ከድንጋዩ ተነሥተው መንገድ ጀመሩ። ያን ምሽት ልጅቱ ራት ስታቀርብ እሳቸው አልቀመሱም፤ ለእሷም አልነገሯትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ለልጅቱ የምትሸከመው ድንጋይ ተዘጋጅቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ድንጋዩን እንኳ መርጠው አዘጋጅተውላታል፤ ደግነታቸው! እኔ ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ። ሰሙንና የተቃጠለውን ማጠኛ ከላስቲክ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረገፍሁ፤ አለቱን፣ ማሩን፣ ያበጠውን ዐይን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። ሕዝቡ መንጫጫት ጀመረ። ሙሴው «ይህችን የተፈታች ሴት ማን ጠራት?» አለ።

አማቴ ባሉበት ሆነው «ማሩን አልቆረጥሁም በል» አሉት። «ሚካኤልን ብለህ ማል። ብትምል ልጄ ድንጋዩን ትሸከማለች።»

አፉን ከፈተ። ቤተ ክርስቲያኑ ከጀርባው ነው። አፉን መልሶ ዘጋና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። «ሰይጣን አሳሳተኝ» አለ፤ በጭንቅ ነው የተሰማው።

እውነት ሲገለጥ ሰው ይቆጣል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ወዲያው ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እንደ ሠርግ አሳላፊ እጁን እያወዛወዘ፣ «ሰይጣን ይፈር፣ ነገሩ ተገለጠ፣ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ» አለ። ሙሴው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያስገባ ተባለ። ጧፍ! ከዚያ ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞሮ «ነይ ልጄ፣ የአባትሽን ጉልበት ሳሚ» አላት። የሰረቀው እሱ፣ ያቃጠለው እሱ፣ ዝም ያለው እሱ፤ ጉልበት የምትስመው እሷ! እኔ አፌን ስከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ።

«ወፉስ?» አለች።

«ወፍ አይጠየቅም» አለ ሽማግሌው።

«አየኋት ያለ ሰው እዚህ መካከላችን ተቀምጧል። ነገ ምንጭ ላይ ሳገኘው እንደምን አደርህ ልለው ነው?»

«ሥርዐት ነው፣ ልጄ። ወፉን የገለጠ ይለያል። እናውቃለን፣ ታውቂያለሽ።»

የቀድሞ ባሌ ከወንዶቹ መካከል፣ ከወይራው ግንድ አጠገብ፣ በዱላው መሬት እየጫረ ተቀምጧል። እናትየው እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር፤ ልጃቸው ነፃ ወጥታለች፣ ወንዱም ይኖራል፣ እሳቸውም በሰላም ይቀበራሉ። እኔ ዝም የሚሉ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ዝም ቢሉ አልፈርድባቸውም።

አማቴ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ወፉን የወለድሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ያላቸው ወንድ ልጅ አንድ ነው። አንገቱን ያላዞረ ሰው አልነበረም። ዱላው መጫሩን አቆመ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ሽማግሌው። «ውግዘቱን አታውቂም?»

«አውቃለሁ። በእኔ ይሁን» አሉና መንገዳቸውን ወደ ቤት ያዙ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ከልጅቱ ላይ ክሱ ተነሣ። ወንድየው ምንም አልተደረገም፤ ወፍ አይቀጣም። በማር ሌባው ላይ ጧፍ ተፈረደ። እውነቱን የተናገሩት አሮጊት እሳትና ውሃ ተከለከሉ። ይህን ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል ብዬ የጀመርሁት ለዚህ ነው። ሥርዐቱን የሠሩት አባቶች ቢነሡ፣ ከዚያ ወይራ ሥር ማንን እንደሚያስነሡ እኔ አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ የገል ስባሪ ፈልገው ሲወጡ አየኋቸው።

«ወዴት ነው?» አልሁ።

«እሳት ልጭር።»

«ክብሪት አለ እኮ፣ እናቴ።» ስሙ ከአፌ አምልጦኝ ነው የወጣው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ተከተልኋቸው። ከመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ቆመው «እሳት ልጭር መጣሁ» አሉ። በውስጥ ምድጃው ሲጨስ ይታያል። ሴትየዋ ወጣች፣ ገሉን አየች፣ «ጠፍቶብናል» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደሚቀጥለው ሄዱ። እዚያም ጠፍቷል። ወደሚቀጥለው። አልለመኑም፣ አላለቀሱም፤ ሁሉም በፊታቸው ቆሞ፣ ዐይናቸውን እያየ፣ እንዲከለክላቸው ብቻ ነበር የፈለጉት። ከሩቅ መከልከል ቀላል ነው። አንዳንዱ መሬት እያየ ነበር የሚመልሰው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ከቤቱ አልወጣም፤ ሚስቱ ወጥታ መልስ አጥታ በሩ ላይ አለቀሰች። የማር ሌባው ምራት ፍም ይዛ ስትሮጥ አማቷ ከውስጥ ጮኸባት፤ ቆመች፣ ፍሙ እጇ ላይ ዐመድ ሆነ።

መጨረሻ የቀረው የልጃቸው ቤት ነበር። እሳቸው የቆሙት ከሌሎቹ ደጃፍ ከቆሙበት ርቀት ሳያጎድሉ ሳይጨምሩ ነው።

«እሳት ልጭር መጣሁ» አሉት።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ እናቱን ያያል። መንደሩ በየደጃፉ ወጥቶ እሱን ያያል። እኔም አየዋለሁ፤ ከእኔ የሸሸ ዐይን ነው፣ አውቀዋለሁ። ወደ ውስጥ ገባ። የማይመለስ መስሎኝ ነበር። ፍም በጉማጅ እንጨት ደግፎ ይዞ ወጣና ገሉ ላይ አደረገው።

አማቴ ገሉን ለራሳቸው አላስቀሩም፤ ወደ እሱ ገፉት።

«ለእኔ አይደለም» አሉ። «ለእህትህ ውሰድላት።»

ገሉን ያዘ። ይተኩሳል፤ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው መንገድ ሄደ። ሊፈጥን ሲል እናቱ ከፊቱ ሆነው ቀስ ይላሉ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ገሉን ተቀበለችውና ገብታ ፍሙን ምድጃው ላይ ጨመረችው። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ግባ አላለችውም።